በአራት ቁጥር የሚገኝ ሱቅ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማታ ከጸሎት ፕሮግራም ሲወጡ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ እናትዎ ከጎንዎ ቆመው ሳለ «ራይድ ልጥራ» ብለው ያውቃሉ? የመጣው መኪና የሌላ ድርጅት ቢሆን እንኳ «ራይዱ መጣ» ነው የምንለው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ «ኦሞ»፣ ለስላሳ ወረቀት ሁሉ «ሶፍት» እንደ ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ነጋዴ ሕዝቡ የድርጅቱን ስም የአገልግሎቱ ስም አድርጎ ሲጠራለት ከመስማት የበለጠ ምን አለ?

ስለ ገበያ ጥበብ የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ታሪክ የሚተርኩ ናቸው። አንብቤአቸዋለሁ፤ ክፋት የላቸውም። ሆኖም በዛሬው ጽሑፌ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደውን ላነሣልዎ እወዳለሁ። ምክንያቱም የተነሣበት ችግር ፒያሳ ላይ አምሽቶ መኪና የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሱቃቸውን ለቀው ከወጡት ነጋዴዎች አንዷ እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዓመታት የምንሠራው የቀለበትና የጌጣጌጥ ሥራ ነው። ስለዚህ «ደንበኛ እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ራይድን የመሠረቱት ሳምራዊት ፍቅሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ናቸው፤ ድርጅታቸውም ሃይብሪድ ዲዛይንስ ይባላል። ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገሩት ሐሳቡ የመጣላቸው ከሥራ አምሽተው ሲወጡ ታክሲ ለማግኘት ይቸገሩ ስለነበር፣ ሾፌሮች ዋጋ ስለሚቆልሉባቸውና ለደኅንነታቸውም ስለሚሰጉ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስተውሉ። መነሻው ስለ ቴክኖሎጂ የነበረ ሕልም አይደለም፤ አንዲት ሴት ጨለማ ውስጥ ቆማ የነበራት ፍርሃት ነው። «ስንት ይጠይቀኛል? የሚወስደኝስ ማን ነው?»

የዛሬ ልጆች ላያስታውሱት ስለሚችሉ የላዳውን ዘመን ጥቂት ልተርክ። ፒያሳ ላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ተደርድረው ይቆማሉ። ሾፌሩ በሩን ተደግፎ ያይዎታል። «ስድስት ኪሎ ስንት ነው?» ይሉታል። እርሱም መልስ ከመስጠቱ በፊት ጫማዎን፣ ሻንጣዎን፣ ከዚያም ሰማዩን ያያል። ዝናብ ካለ ዋጋ አለው፤ ሻንጣ ካለ ዋጋ አለው፤ አነጋገርዎ የክፍለ ሀገር ከሆነ ደግሞ እርሱም ዋጋ አለው። የጠራውን ይጠራል፤ እርስዎ ግማሹን ይሉታል፤ ይስቃል፤ ጥለውት ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ፤ «ይምጡ በቃ፣ ይግቡ!» ብሎ ይጠራዎታል። የአራዳ ልጅ በዚህ ጨዋታ ይኮራ ነበር። ሾፌሮቹንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ቀኑን ሙሉ ቆመው አንድ ሁለት ጉዞ ብቻ የሚያገኙበት ቀን ነበረ፤ መኪናውም አርጅቶ የዕለቱን ገቢ የሚበላ ነበር።

ነገር ግን በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ማን እንደ ሆነ ልብ ይበሉ። ጥሎ መሄድ የሚችል ሰው ነው። ሌሊት ብቻዋን የቆመች ልጅ ጥላ ወዴት ትሄዳለች? የታመመ ልጅ ያቀፈ አባትስ? መጽሐፈ ምሳሌ 20፥14 ላይ ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ገዝቶ ከሄደ በኋላ በብልጠቱ የሚደሰተው ገዢ ተስሎልናል። ያ ሰውዬ የሚደሰተው አቅም ስላለው ነው። አቅም የሌለው ገዢ ግን ከድርድሩ የሚወጣው ቆስሎ ነው፤ የቆሰለ ደንበኛ ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም።

እንግዲህ ድርጅቱ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ሥራው ሲጠነሰስ የተጀመረው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የስልክ መተግበሪያ የመጣው ቆይቶ ነው። ከዚያም 8294 የተባለው አጭር ቁጥር አለ፤ ደውለው ያሉበትን ለሰው ይናገራሉ፣ መኪና ይላክልዎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ኡበር ሲነሣ የቆመው በዘመናዊ ስልክና በባንክ ካርድ ላይ ነበር። የእኛ ሰው ግን በእጁ የነበረው ባለ ቁልፍ ስልክ፣ በኪሱ የነበረው የብር ኖት ነው። ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ ደንበኛው በደወለበት ስልክ ተቀበሉት፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ። ነቢዩ ኤልሳዕ ዕዳ ያስጨነቃትን መበለት አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ስላለው ነገር አልነበረም? (2ኛ ነገሥት 4)። ብዙዎቻችን ንግድ ስንጀምር ደንበኛው የሌለውን ነገር ይዞ እንዲመጣ እንጠብቃለን። ከዚያ «ሕዝቡ አልገባውም» ብለን እናማርራለን።

ዋጋውም በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ይታወቃል። ጫማ አይታይበትም። እኔ እንደማምነው ከማስታወቂያ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እናቴ ስለ ራይድ ለጎረቤቶቿ ስታወራ አንድም ቀን «ቴክኖሎጂ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። «አይጨቃጨቁሽም» ነው የምትለው።

የደንበኛን ሥጋት ማስወገድ በአራዳ አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሆቴላቸውን እዚያው ፒያሳ ሲከፍቱ፣ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ይቆጥረው ነበርና ገበያ ጠፋ ይባላል። በዚህ ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ንጉሡ ከከፈሉ ነውርነቱ የት አለ? ወጡ ሳይለወጥ፣ ዋጋው ሳይቀንስ፣ የተነሣው ኀፍረቱ ብቻ ነው። ሆቴሉ ዛሬም በቦታው አለ።

አሁን ወደ ሰፈራችን መፍረስ ልምጣ። የአራዳ ነጋዴ ከቦታው ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ በወረራው ዘመን ነው ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው። ይሁን እንጂ ታሪክ ማወቅ ሱቅ አይሆንም። ፒያሳ ላይ የማንም አድራሻ የመንገድ ቁጥር አልነበረውም። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከኬክ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊው በር» ነው አድራሻው። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የፈረሰው ግንብ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች እኛን የሚያገኙበት ምልክት ሁሉ አብሮ ነው የሄደው። አንድ ጎረቤታችን አርባ ዓመት የሠሩበትን ቦታ ለቀው ሲወጡ «ደንበኞቼ ስሜን አያውቁትም፣ በሬን ነው የሚያውቁት» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

እዚህ ላይ ነው ራይድን በሌላ ዓይን ያየሁት። ያ ድርጅት ለደንበኛው በር የለውም። መስኮት፣ የዕቃ ማሳያ፣ ጥግ የለውም። ሰዎች በጭንቅላታቸው ይዘውት የሚዞሩት አራት ቁጥርና «አይጨቃጨቁሽም» የሚል ወሬ ነው። ሰፈር ቢፈርስ ቁጥሩ አይፈርስም።

እኛ የተዛወርነው መገናኛ አካባቢ ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አላፊ አግዳሚ የለም። ፒያሳ ሳለን ሙሽሮች የአንዱን መስኮት አይተው ወደ ሌላው ሲያልፉ ወደ እኛም ጎራ ይሉ ነበር፤ አሁን ግን አስቦ የመጣ ብቻ ነው የሚመጣው። ደግነቱ በሥራችን ጠባይ የደንበኛን ስልክ መመዝገብ የግድ ነበር፤ ቀለበት ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ ስም ይቀረጽበታል። ደብተሮቹን አወጣንና ከባለቤቴ ጋር ተራ በተራ ደወልን። ስልካችን ያው ነው፣ ቦታችን ተለውጧል፣ አልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ ያው ሚዛን ነው ያላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ሚዛኑም አብሮን መጥቷል» አልኳቸው።

ለልጃቸው የጋብቻ ቀለበት ሊገዙ ከሽሮ ሜዳ በስልክ በተጠራ መኪና መጡ። ፒያሳ ላይ ሱቃችንን ያደነቁበት ጊዜ አልነበረም፤ ጠባብ ነበረች። የታወሳቸው ሚዛኑ ነው።

ስለ ሚዛን ካነሣን፣ የወርቅ ገዢ ፍርሃት ከታክሲ ተሳፋሪ ፍርሃት ጋር አንድ ዓይነት ነው። የማያውቀውን ነገር ይገዛል። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ ወይም ብር ማለት እንደ ሆነ ስንቱ ሙሽራ ያውቃል? 5 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ቀለበት ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 3.75 ግራም ነው። ይህን ጽፈን እናሳያለን። የዕለቱ የግራም ዋጋ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ በደረሰኙ ላይ የወርቁ ዋጋ ለብቻው፣ የእጅ ዋጋችን ለብቻው ይሰፍራል። በስልክ ለጠየቀም ሳይመጣ ይነገረዋል። «ይምጡና እንነጋገራለን» አንልም። ምሳሌ 11፥1 ስለ ሚዛን የሚናገረውን ከልጅነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት አጥንተነዋል፤ ሆኖም ሚዛን ትክክል መሆኑ ብቻ ሳይሆን ገዢው ሊያየው በሚችልበት ቦታ መቀመጡም የሚዛኑ አካል ይመስለኛል።

ስለ እኛ ስለ ወንጌል አማኞች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ገበያ ፍለጋ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፕሮግራም በኋላ «ወንድሜ ስለሆንክ ነው ለአንተ የማቀርበው» ብለን ዕቃ የምንሸጥ አለን። ሰው በሰው እየመለመሉ የሚሠሩት ሽያጮች በየኅብረቱ ገብተው ስንት ወዳጅነት እንዳበላሹ እርስዎም ያውቃሉ። በጉባኤ ያለ ወንድም ጥሎ መሄድ የማይችል ደንበኛ ነው። እሑድ እሑድ ፊታችንን ያያልና እምቢ ለማለት ያፍራል፤ ከላዳው አጠገብ በጨለማ እንደቆመችው ልጅ መሆኑ ነው። እኔና ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የምንጠይቀው በሰሌዳው ላይ ያለውን ዋጋ ነው፤ የማይጨምር፣ የማይቀንስ። አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል። ይሁን።

ራይድንም ሆነ ተከትለውት የመጡትን ያለ ነቀፋ ላቀርብልዎ አልፈልግም። በዚህ ሥራ ውስጥ ባሉ ድርጅቶች ሁሉ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፤ ሾፌሩ ደውሎ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ይልና መንገዱ ካልጣመው ይሰርዛል፤ ወይም ከተሳፈሩ በኋላ «አፑን ላጥፋውና በስምምነት እንሂድ» ይላል። ነዳጅ ሲወደድ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ የሾፌሩም ሒሳብ ይጠብባልና የራሱ ምክንያት አለው። ሆኖም በዚያች ቅጽበት ላዳው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዓመታት የፈጀ ስም መጨረሻ ላይ ደንበኛው ፊት በሚቆመው ሰው እጅ ነው ያለው። በእኛም ቤት ያው ነው። ሚዛኑን የሚይዘው ልጅ በጥሩ ሁኔታ ካልተከፈለው ሰሌዳችን ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ከተዛወርን በኋላ መጀመሪያ የቀነስነው የራሳችንን ወጪ እንጂ የእርሱን ደመወዝ አልነበረም፤ ከእኔ ጋር የማይስማማ ነጋዴ ሊኖር ይችላል።

በአሁኑ ጊዜ በቤታችን ያለው ክርክር ሌላ ነው። ትልቁ ልጃችን የቀለበቶቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ያወጣል። እዚያ ያለውን ልማድ ያውቁታል፤ ፎቶው ይለጠፍና ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል። ለምን በውስጥ መስመር? ጠያቂው ማን እንደ ሆነ፣ ፎቶው ላይ ምን እንደ ለበሰ ታይቶ ዋጋ ሊወጣለት አይደለም? ልጄ ከእያንዳንዱ ቀለበት ሥር ግራሙን፣ ካራቱንና የዕለቱን ዋጋ ይጽፋል። የወርቅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ጠዋት ጠዋት ማስተካከል አለበት፤ ሥራው አሰልቺ ነው። ሁለት የሙያ ባልደረቦቻችን ደውለው «ገበያ እያበላሻችሁ ነው» ብለውናል። ባለቤቴም ልባቸው እንዳይሰበር ሰግቶ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ቢተወው ይላል። እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ተነጋግረንበት ሳንስማማ ተኛን፤ ጠዋት ስነሣ ልጁ ስልኩን ይዞ የቅዳሜን ዋጋ እየጻፈ ነበር።