አይ ቪ ኤፍ አልሳካ ሲል፣ ባልስ ተመርምሯል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። (ባልና ሚስቱን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ የሚያሳውቃቸውንም ነገር አውጥቼዋለሁ።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ገባች። ትዳር ከያዙ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የለም። የሆርሞን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ሁሉ አዘዝኩላት። ባሏ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ይግቡ እንኳ አላልኩትም።

በኋላ በሬ ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው አዲስ አበባ አይ ቪ ኤፍ ሞከሩ። አልሆነም። ተመልሳ ስትመጣ፣ «ዶክተር፣ ማህፀኔ አልይዝ አለ። አማቴ ብርድ መትቷታል ይላሉ» አለችኝ። አማቲቱ ለልጃቸው ሌላ ሚስት ማፈላለግ ጀምረዋል።

ወረቀቶቿን ሳገላብጥ የባሏ ውጤት አንድ ገጽ ብቻ ናት፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊዮን ስፐርም። «ለሕክምናው ይበቃል ተብለናል» አለች። ልክ ነው፣ ይበቃል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ስፐርም በመርፌ ወደ እንቁላል የሚገባበት ኢክሲ የሚባል ዘዴ ስላለ ጥቂት ስፐርም ይበቃል። ግን ስለበቃ ብቻ «ለምን አነሰ?» የሚለው ጥያቄ ይረሳል። ናሙና መስጠት አንድ ነገር ነው፣ መመርመር ሌላ።

ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። እኛ ግን «መካን» የምንላት እሷን ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባልየውን አስገባሁት። «እኔማ ጤነኛ ነኝ ዶክተር፤ ቀኑን ሙሉ ሳርስ ነው የምውለው» አለኝ። ጉልበትና ስፐርም አይገናኙም አልኩት። ካደጉ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞዎት ነበር? የቡአ ቀዶ ጥገና? ሲጋራ፣ ጫት? (ጂም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ የስፐርም ምርትን ሊያቆም ይችላል።) ከዚያ ቆሞ መረመርኩት። በግራ በኩል፣ ከዘር ፍሬው በላይ ደም ሥሮቹ አብጠው በእጅ ይዳሰሳሉ። ቫሪኮሴል ይባላል። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያቺ አምስት ደቂቃ በሬው ሳይሸጥ መሆን ነበረባት።

አይ ቪ ኤፉ ያልተሳካው በዚህ ነው ማለት አልችልም። የእንቁላሉ ሁኔታ፣ የሴቷ ዕድሜ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ሁለተኛ ሙከራ ከመክፈላቸው በፊት ግን መታየት ያለበት ነገር ነውና ወደ ዩሮሎጂ ሐኪም ላክሁት።

እናንተም ከሄዳችሁ እነዚህን ያዙ። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መቆጠብ ያስፈልጋል። ተራ ኮንዶም ውስጥ አታጠራቅሙ፤ ቅባቱ ስፐርሙን ይጎዳል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከአንኮበር በጠዋቱ ብርድ በመኪና ይዛችሁ አትምጡ፤ እዚያው ምርመራው ቦታ ስጡ። በእጅ መስጠቱ ከሃይማኖታችሁ አንጻር ከከበዳችሁ አትፈሩ፣ ለባለሙያው ተናገሩና ሌላ መንገድ ካለ ጠይቁ።

በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ የታችኛው መነሻ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ እንቅስቃሴውም 42 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ሆነው የወለዱ አሉ፤ ከላይ ሆነው የተቸገሩም አሉ። በአንድ ውጤት አትደምድሙ። ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈልግ፣ ባለፈው ወር የያዛችሁ ከባድ ትኩሳት የዛሬውን ቁጥር ሊያወርደው ይችላል። የስፐርም ዲ ኤን ኤ ጉዳት ምርመራ የሚባልም አለ፤ ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። አይ ቪ ኤፍ በተደጋጋሚ ካልተሳካ ወይም ጽንስ ደጋግሞ ከወረደ ግን ስፔሻሊስቱን ጠይቁት።

ባልየው ታክሞ አሁን ድጋሚ ምርመራውን እየጠበቀ ነው። ባለፈው ሚስቱ ለብቻዋ መጣች። ለእናቱ ራሱ ነግሯቸዋል፦ «እኔም እየታከምኩ ነው» ብሎ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ዝም አሉ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ግን ብርዱን አንሥተውት አያውቁም።»