«ሴንሰሩን ቀይር» ሲሏችሁ መጀመሪያ ለኩ

ዛሬ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። መካኒክ አይደለሁም፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግን ነገሩ 10ኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ከምንጽፈው ከኦም ሕግ አይወጣም። «ቲቸር፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ለነበራችሁ መልሱ ይኸው።

ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ የሰው ቪትዝ ይዞ ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ ኮንትራት ይሠራል። ለባለቤቱ የቀኑን ሒሳብ ያስገባል፣ ቤንዚኑ ግን ከራሱ ኪስ ነው። ቼክ ኢንጂን በራበት፣ መኪናዋም ቤንዚን መብላት ጀመረች። አንድ ጋራዥ በማሽን አነበቡለትና «ፒ0135 ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ይቀየር» አሉት። ዕቃው ደግሞ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ተፈልጎ፣ መንገድ ክፍት በሆነበት ቀን በሰው የሚላክ ነው። ብር ሊበደር ሲዞር አገኘሁት።

«ቲቸር፣ ኮዱ ራሱ ሴንሰሩ ነው ይላል እኮ» አለኝ።

አይልም። ኮዱ የሚለው «የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ሰርኪዩት ላይ ችግር አለ» ነው። ሰርኪዩት ማለት ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ማሞቂያው፣ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ያለው ዙር በሙሉ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በዚያ ዙር የሚያልፈው ከረንት ልክ አለመሆኑን ብቻ ነው። የት ቦታ እንደተበላሸ አያውቅም። ያንን ፈልጎ ማግኘት የሰው ሥራ ነው።

ለመሆኑ ሴንሰር ምን ማሞቂያ ያስፈልገዋል? ይህ ዕቃ የጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ያወዳድራል። ኮምፒውተሩም በዚያ መልእክት ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ችግሩ ውስጡ ያለው ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ በደንብ አይሠራም። ቦሽ በፈረንጆቹ 1976 ያወጣው የመጀመሪያው ሴንሰር ማሞቂያ አልነበረውም፣ የጭሱን ሙቀት ነበር የሚጠብቀው። ማሞቂያ ያለው በ1982 መጣ። ማሞቂያው ካልሠራ ሴንሰሩ ዘግይቶ ይነቃል። እስከዚያ ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚሠራው፣ ግምቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ወደ ማብዛት ያደላል። በእኛ ደጋ ጠዋት፣ ቆም ሄድ ለሚል ሹፌር፣ ይህ በየቀኑ ከኪስ የሚወጣ ብር ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማውጫው ሲቀዘቅዝ (ሲግል እንዳትነኩት!) ሶኬቱን ነቀልነው። አራት ሽቦ አለው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገን በሴንሰሩ በኩል ለካን፦ 13 ኦም። የዚህ ዓይነት የቶዮታ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 16 ኦም ነው የሚጠበቀው። ማሞቂያው ተቃጥሎ ቢሆን ቴስተሩ ምንም ባላነበበ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት፦ ሞተር ሲነሳ ያለው 14 ቮልት ለ13 ሲካፈል 1.1 አምፔር ገደማ። ማሞቂያው ደህና ነው ማለት ነው።

ቀጥለን ቁልፉን ከፍተን ከመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ቮልቴጁን ለካን። 12 ቮልት! ልጁ ተስፋ ቆረጠ። «በቃ መብራት ይደርሳል፣ ሽቦውም ደህና ነው» አለ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው። ቴስተር ከረንት የሚወስደው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሽቦው ተበጣጥሶ አንዲት ክር ብቻ ብትቀረው እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። ሽቦ የሚፈተነው ሥራ ሲሰጡት ነው። ስለዚህ የፍሬቻ አምፖል አምጥተን አንዱን ጫፍ ከኃይል ሰጪው ሽቦ፣ ሌላውን ከመኪናው ቦዲ አገናኘን። ሙሉ ሊበራ የሚገባው አምፖል እንደ ፍም ጭል ጭል አለ። አምፖሉ እንደተገናኘ በቴስተር ስንለካም 12ቱ ቮልት ወርዶ ነበር። ጥፋቱ ተገኘ፣ ሽቦው ላይ ነው።

ወደ ኋላ ተከተልነው። የሶኬቱ ላስቲክ ወልቆ ውሃና አቧራ ገብቷል፣ ከፒኑ በስተጀርባ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። የተበላውን ቆርጠን እስከ ንጹሕ መዳብ ደረስን፣ በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጥለን በየድነው፣ ሸፈንነው፣ ፒኑን ቀየርን፣ ከጋለው ቱቦ አርቀንም አሰርነው። አምፖሉን መልሰን ስንሞክር ቦግ አለ። ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቷም ይኸው እስካሁን አልተመለሰችም። ያወጣው የሽቦና የፒን ብር ነው። አዲስ ሴንሰር ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ያው የተበላ ሽቦ ላይ ሊሰካው ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አምፖሉን በኃይል ሰጪው ሽቦ ብቻ ሞክሩ፣ የመልእክቱን ሽቦዎችና ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን አትንኩ፣ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል። ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኛችሁም በሽቦ አትተኩት፣ ያቃጠለውን ፈልጉ። የኦሙ ልክ እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ይለያያል፣ በአዳዲሶቹ በጣም ያነሰ ነውና የመኪናችሁን መጽሐፍ እዩ።

መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት፣ እነሱም ቸኩሎ የሚቆም ደንበኛ አለባቸው። ነገር ግን መንግሥት በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌዎች ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። እየገመትን ዕቃ የምንቀያይርበት አቅም የለንም።

ሹፌር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ «ይቀየር» ሲሏችሁ በትሕትና «ተለክቷል ወይ?» በሉ። ስንት ኦም፣ ስንት ቮልት፣ አምፖል በርቷል ወይ? ይህን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ሰላም ዋሉ።