አንቀልባ ይዘን ኦርላንዶ

እናቴ ሰኔ ላይ ከአዲስ ዘመን ተነሥታ፣ አዲስ አበባ አድራ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ቤታችን ስትገባ ሻንጣዋ የልጅ ልጅ ልትይዝ እንደምትመጣ አያት ሁሉ ሻንጣ ነበር፤ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለባለቤቴ አንድ የሐበሻ ቀሚስ። ከሥር ግን በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ቀረ። ስትፈታው አንቀልባ ነው። ቆዳው ከቅቤ ብዛት ጠቁሯል፤ ከጠርዙ ዛጎሎች ሁለቱ ወልቀዋል።

«አንተን ያዘልኩበት ነው» አለች።

«ልጁ ጋሪ አለው እኮ፣ እማ።» በሩ ሥር የቆመውን ባለ ጥላውን፣ የውሃ ማስቀመጫ ሳይቀር የተገጠመለትን የልጅ ጋሪ አሳየኋት።

ዞር ብላ አየችው። «ይሄማ ለመንገድ ነው። ልጅ ሁልጊዜ መንገድ ላይ አይደለም» ብላ አንቀልባውን መልሳ ጠቀለለችው።

ያን ሰሞን እኔና ባለቤቴ ልጃችንን ማሙሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቅ የመዝናኛ መናፈሻ ልንወስደው እያቀድን ነበር። ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ መናፈሻ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ያለ ትኬት ያስገባል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የልጅ ዋጋ፣ ከአሥር ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ ይከፈላል። ማሙሽ ሦስት የሚሞላው ኅዳር ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት መቅደም ነበረብን። እኔ ፈቃድ ያገኘሁት ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ቆረጠች፤ ኦገስት 18።

እናቴ በጣቷ ቆጠረች። «ነሐሴ 12። የቡሄ ዋዜማ!»

እናቴ የተወለደችው ደብረ ታቦር ነው፤ ወደ አዲስ ዘመን፣ ጣራ ገዳም ሥር፣ በትዳር ነው የመጣችው። ቡሄ ለሌላው አገር የልጆች በዓል ሊሆን ይችላል፤ ለደብረ ታቦር ሰው ግን ከተማው ስሙን ከበዓሉ ጋር የሚጋራበት ቀን ነው። ጅራፉ ከነሐሴ መጀመሪያ አንሥቶ ይጮኻል። ዋዜማው ላይ ችቦ ይበራል። ልጆች በየደጃፉ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። ያን ቀን በአሜሪካ ቆላ ውስጥ ማሳለፍ ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አልተቃወመችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ልጁን ነው የምትወስዱት ወይስ ራሳችሁን?»

መልሱን አውቀው ነበር። የልጅነቴ ዥዋዥዌ ከዛፍ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ሸርተቴዬ ደግሞ ክረምት ላይ ጭቃው የሚያንሸራትት ተረተር ነበር። ያቺን ባለ ትልልቅ ጆሮ አይጥ መጀመሪያ ያየኋት በአዲስ ዘመን ገበያ ከሰልባጅ ክምር ላይ በወጣ ካናቴራ ነው። አባቴ ገዛልኝ፤ ደረቱ እስኪነትብ ለበስኩት። ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። አሁን ልጄን ወደ ቤቷ ልወስደው ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ይሄን ያህል አገር አቋርጠን የምንሄደው አይጥ ለማየት ነው?» አለች።

ባለቤቴ በኮምፒዩተሯ ሠንጠረዥ ሠራች፤ የመኝታ፣ የምግብ፣ የሰልፍ ሰዓት። ማሙሽን ከወጥ ቤቱ በር መቃን አስጠግተን ለካነው፤ 92 ሴንቲ ሜትር። በሠንጠረዡ ላይ ቀይ መስመር መግባት ጀመረ። በጨለማ ውስጥ የሚበርረው ስፔስ ማውንቴን 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 97 ይላል፤ ለእሱ እንኳ አምስት ሴንቲ ሜትር ጎደለን። የቀረን ቁመት የማይጠይቀው ነው፤ በራሪው ዝሆን፣ የፈረሶቹ መሽከርከሪያ፣ በጀልባ የሚዞሩት የአሻንጉሊቶች ዓለም። ለወላጆች የሚሆን አንድ ዘዴም አገኘን። አንዳቸው ልጁን ይዞ ውጭ ይጠብቃል፤ ሌላው ተጫውቶ ሲወጣ የጠበቀው ረጅሙን ሰልፍ ዳግም ሳይሰለፍ ይገባል። ከቤት የመጣ ምግብ ማስገባት ይቻላል፤ የሚከለከለው የጠርሙስ ዕቃና አልኮል ነው። ዳቦ ቆሎው አለፈ ማለት ነው።

አንድ ምሽት ባለቤቴ ሠንጠረዡን ለእናቴ አነበበችላት። እናቴ እየሰማች ስትስቅ ቆየችና «ይሄ እኮ ንግሥ አወጣጥ ነው» አለች። ቀጠለችና የራሷን ነገረችን። ልጅ ይዞ ጣራ ገዳም ንግሥ የሚወጣ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ይነሣል። ልጁን አጥግቦ ይወጣል እንጂ እዚያ አበላዋለሁ አይልም። ሲደርስ ከሰው በፊት የሚፈልገው ጥላ ነው፤ ከወይራው ወይም ከጥዱ ሥር ቦታ ይይዛል። ከበሮው አጠገብ ወዲያው አይቆምም፤ ልጁን መጀመሪያ ከሩቅ ያሰማዋል፣ ሲለምደው ያስጠጋዋል። ደግሞም ሰው ሳይመለስ ይመለሳል።

ባለቤቴ ሠንጠረዡን አየች፤ እኔን አየች። ከመከፈቱ በፊት መድረስ፣ ቁርስ ሆቴል መብላት፣ የሕፃናት ማረፊያውን ቀድሞ ማወቅ፣ ከዝግተኛው ጨዋታ መጀመር፣ ቀትር ላይ መውጣት። ሁለት ሳምንት የፈጀብንን ሥራ እናቴ ቡና እየጠጣች ጨርሳዋለች።

የቀረው ጾሟ ነው። ፍልሰታ ናት፤ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። «ሙቀቱ ይገድልሻል» አልኳት። «እንግዲያው ሳይሞቅ አውጡኝ» አለች። በዚህ አንድ ቃል ሠንጠረዡ ተቆረጠ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ መናፈሻው ውስጥ መቆየት የለም። ማሙሽ የሚተኛው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጾሟ የልጁን እንቅልፍ ጠበቀልን፤ ያለ እሷ «ትንሽ ብቻ እንቆይ» እያልን እንበላው ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ ኦርላንዶ 1,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ ዘመን አዲስ አበባ ሄዶ መመለስ በሉት። ደቡብ ካሮላይና ላይ አድረን በማግሥቱ ስንደርስ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብን። 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልዳ ጉናን እያየች ላደገች ሴት ይህ አየር አንድ ስም ብቻ አለው። «ቆላ» አለችና ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። የልጅነቷ ሰው ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወርድ ወባን እንደሚፈራ ሁሉ ማሙሽን በረጅም እጅጌ ጠቀለለችው። እኛ ፈታነው፤ እሷ መለሰችው።

ነሐሴ 12 ማለዳ። ጋሪው ላይ የጫንነውን ብቆጥር አያልቅም፤ ዳይፐር፣ ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ ዝናብ መከላከያ፣ ማራገቢያ፣ ውሃ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ። ከመኪና ማቆሚያው ስገፋው እናቴ ከኋላ «ሴባስቶፖልን ወዴት ነው የምትወስዳት?» አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እኔ ከበሩ ለመድረስ አርባ ደቂቃ። ፍተሻው ላይ ሠራተኛዋ አንቀልባውን ከቦርሳው አውጥታ አገላበጠች፤ ዛጎሉን ነካ ነካ አደረገች። «ለሕፃን ነው» አልኳት፤ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ።

ውስጥ ገባን። መናፈሻው ከተከፈተ ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፎቶ ሲነሣ የኖረው ግንብ መንገዱ መጨረሻ ላይ ቆሟል። ቁመቱ 57 ሜትር ነው፤ ግን ዘዴ አለበት። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መስኮቱም ድንጋይ መሳዩም እያነሰ ስለሚሠራ ዐይን ከእውነቱ በላይ ያረዝመዋል። አንድ ጡብ የለበትም፤ ብረት፣ ኮንክሪትና ፋይበርግላስ ነው። እናቴ ተጠግታ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። ከሠፈሯ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የፋሲል ግንብ አለ፤ ድንጋይና ኖራ ምን እንደሚመስል አይነገራትም። «ያምራል» አለች። ትንሽ ቆይታ «ማን ኖረበት?» ስትል ጠየቀች። ማንም እንዳልኖረበት ነገርኳት። ዝም ብላ አየችው።

ማሙሽ ግንቡን አላየውም። እሱ የሚያየው በ92 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ነው፤ ጉልበት፣ የሌላ ልጅ ጋሪ፣ መሬት የወደቀ ፈንዲሻ። ያቺ አይጥ ራሷ፣ የሰው ቁመት ያላት፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣ ወደ እኛ ስትመጣ ግን አያት። ጩኸቱ ጣራ ገዳም ይሰማል። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ቅጽበት እግሬን አቅፎ በሚንቀጠቀጥ ልጅ አለቀ። እናቴ ከሩቅ ማሰማት ያለችው ለከበሮ ብቻ አልነበረም። ወስዳ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠችው፤ አይጧን ከዚያ ሆኖ ሌሎች ልጆች ሲያቅፏት አያት። ከሩብ ሰዓት በኋላ በእጁ ሰላም አላት። ከዚያ በላይ አላስጠጋነውም።

ከዚያ ሰልፍ መጣ። ጋሪ ሰልፍ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ልጁ ይታቀፋል። ይህን ባለቤቴ ሠንጠረዥ ላይ ጽፋዋለች፤ 13 ኪሎ ልጅ ሃምሳ ደቂቃ ማቀፍ ምን እንደሆነ ግን ሠንጠረዥ አይናገርም። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ክንዴ ዛለ። እናቴ ምንም ሳትል አንቀልባውን ፈታች። ልታዝለው መስሎኝ ነበር፤ ዞር አድርጋ ጀርባዬ ላይ አሰረችው። በአገሬ አንቀልባ ያሰረ ወንድ አይቼ አላውቅም፤ እሷም አላየችም። ጠፍሩን ደረቴ ላይ ስታጠላልፍ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ «አባትህ ቢያይህ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ማሙሽ ጉንጩን ከትከሻዬ አስጠጋና ዝም አለ። ያኔ ገባኝ፤ ልጅ ሁልጊዜ መንገድ ላይ አይደለም ያለችው ይህን ነው።

ጀልባዋ የአሻንጉሊቶቹን ዓለም ዞረች። ጨዋታው ለ1964 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርዒት፣ ለዩኒሴፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አሻንጉሊቶቹ የየአገሩን ልብስ ለብሰው አንድ ዜማ ይዘምራሉ። ማሙሽ እጁን ውሃው ላይ ዘርግቶ ጨረሰው። ፈረሶቹ ላይ ግን ሳቀ። እነዚያ ከእንጨት የተቀረጹ ፈረሶች የሚዞሩበት መሽከርከሪያ የተሠራው በ1917 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት። ባለቤታቸው የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከእሳቸው ተለያይተው በጌምድርን ሲገዙ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት የአንዱን ፈረስ አንገት እየደባበሰች «እንዲህ ከሆነማ አሮጌ ሰው ነው» አለች።

ሰልፈኛው ሙዚቃና ያጌጠ ጋሪ ይዞ አውራ ጎዳናውን ሲሞላ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሯል፤ ልጆች ከአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። አዲስ ዘመን ያለችው እኅቴ በቪዲዮ ደወለች። «እማ፣ እንዴት ነው?» እናቴ ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞረችላት።

«ንግሥ ነው» አለቻት። «ታቦት ብቻ የለውም።»

ስድስት ሰዓት ላይ ወጣን። ባለቤቴ የሦስት ሰው ትኬት ከፍለን ሦስት ሰዓት ብቻ መቆየታችን ቆጫት፤ እኔም ቆጨኝ። ማሙሽ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ የዕለት ጾሟን ፈጸመች፤ በሶዋን በጠበጠች። የፍሎሪዳ የነሐሴ ዝናብ ያን ጊዜ ነጎድጓዱን ይዞ መጣ፤ ዓሥር ሰዓት ላይ አባርቶ ነበር። በዚያው ቀን ትኬት ተመልሶ መግባት ስለሚቻል ለአንድ ሰዓት ተመለስን። ማሙሽ አስፋልቱ ላይ የቆረውን ውሃ አገኘ። ግንቡ አጠገብ ባለው ኩሬ ዳር ዳክዬዎች ነበሩ። ያን ሰዓት ሙሉ፣ በዓለም ከታወቁት መጫወቻዎች መሐል ቆሞ፣ በእግሩ ውሃ ረጨና ዳክዬ ቆጠረ። ልጠራው ስል እናቴ ክንዴን ያዘች። «ተወው። እሱ ደርሷል።»

ርችቱን አልጠበቅንም። ሆቴላችን ሆነን ከሩቅ ሰማነው፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ማሙሽ ተኝቷል። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አዳመጠችና «ጅራፉ ተጀመረ» አለች። ሰማዩ ሲበራ ፊቷ ይበራል፤ ችቦ አለመኖሩን አላነሣችም።

ጠዋት፣ ነሐሴ 13፣ ከቦርሳዋ በጨርቅ የታሰረ ነገር አወጣች። ሙልሙል ነው፤ አሌክሳንድሪያ ሳለን እኛ ሠንጠረዥ ስንሞላ እሷ ጋግራ ደብቃለች። እንደ ወጉ ሳይጨፈር አይሰጥም። ማሙሽ አልጋው ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። እኔ አውጪ ሆንኩ፤ ድምፄ ቢሻክርም ሆያ ሆዬው ከዓመታት በኋላ መልሶ መጣልኝ። ባለቤቴ ተቀባይ ሆነች። ሁለት ዙር ካልን በኋላ ማሙሽ ተራው እንደደረሰ ገባው መሰለኝ፤ አልጋውን በእግሩ መታና «ሆ!» አለ።

እናቴ ሙልሙሉን ሰጠችው።