ከባቄላው ሥር

በደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በጓሮዋ ባቄላ ዘራች። ተክሉ ማበብ ሲጀምር አንዱን ነቅላ ብትመለከት ሥሩን ጥቃቅን እባጮች ወረውት አገኘች፤ በሽታ መስሏትም የመደቡን ግማሽ ነቅላ ጣለች። ለጥየቃ ከገጠር የመጡት እናቷ ክምሩን አይተው፣ «ልጄ፣ ለመሬቱ የሚተርፈውን እኮ ነው የጣልሽው» አሏት።

እናትየው ከባቄላ በኋላ የተዘራ ገብስ እንደሚያምር በልምድ ያውቃሉ። ልጅቱ ምክንያቱን በመጻሕፍት ፈለገች። እባጮቹ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ማደሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያው የአየሩን ናይትሮጂን ተክሉ ወደሚጠቀምበት አሞኒያ ሲለውጥ፣ ተክሉ በአንጻሩ ስኳር ይመግበዋል። የጥራጥሬ እባጮች ከአየር ናይትሮጂን ጋር ያላቸውን ዝምድና ጀርመናውያኑ ሄልሪጌልና ቪልፋርት እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

የቀሩትን ተክሎች መልሳ መረመረች። እባጮቹ በጣት ሲነኩ ከሥሩ በቀላሉ ተላቀቁ፤ ሲሰነጠቁም ውስጣቸው ሮዝ ነበር። ቀለሙ ሌግሄሞግሎቢን ከተባለው ፕሮቲን የሚገኝ ሲሆን ባክቴሪያው በሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን ትል የሚያመጣው እብጠት ግን የሥሩ አካል በመሆኑ አይላቀቅም። ዩሪያ ለመጨመር የነበራትንም ሐሳብ ተወች፤ ናይትሮጂን በበዛበት አፈር የእባጮቹ ቁጥር ይቀንሳልና።

ምርቱ ሲደርስ ግንዱን ብቻ አጭዳ ሥሩን በአፈሩ ውስጥ ተወችው። ለመጪው ክረምት እናቷ የገብስ ዘር ልከውላታል፤ ሥሩ በቀረበትም ሆነ በተነቀለበት ግማሽ እኩል ልትዘራው አስባለች።