ለአዲስ እጅ የሚሆን ሥራ

እንደሚታወቀው ደቦ ሲወጣ ሥራ ያልለመደ ሰው ባዶ እጁን አይቆምም። ማጭድ የለመደ ያጭዳል፣ ሌላው ነዶ ያስራል፣ ልጅ ነዶ ያቀብላል፣ ውሃም ያመላልሳል። ክምር መከመር ግን ዝናብ እንዳይገባው አድርጎ መደርደርን ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይተዋል። «ና አግዘን» ተብሎ ተጠርቶ ማሳ ዳር ተገትሮ የሚውል የለም። በመዘዞ ለማስተማር ልምምድ የተመደብን እጩ መምህራን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ይኸው የደቦ ብልሃት በኢንተርኔት ለሚሠራ የጋራ ሥራም የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

ሥራው የአማርኛ ውክፔዲያ ነው። ውክፔዲያ በጥር 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የዕውቀት መዝገብ ነው። ዛሬ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት መስመር አይዘሉም። ታዲያ አማርኛ አንባቢው በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ለምን አነሰ?

ሰዉ ሰንፎ ነው የሚል አለ። እኛ አይመስለንም። አዲስ መጪው ገጹን ከፍቶ «ምን ልሥራ?» ሲል የሚያገኘው መልስ «ማንም መጻፍ ይችላል» የሚል ነው። ይህ እኮ መልስ አይደለም! ባዶ ገጽ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ፈቃድ ሳይሆን ሥራ ነው የሚፈልገው።

ነገሩ ለመምህር እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አስተምረው የማያውቁ ተማሪዎች ነበሩ። ያስቻላቸው በእጃቸው የተሰጣቸው የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን የሚል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እስከ መካሄድ ደረሰ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። አንድ ሥራ በትክክል ተቆርሶ ከተሰጠ አዲስ እጅ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የውክፔዲያ ሰዎችም ይህን ተረድተውታል። በ2019 እ.ኤ.አ. በቼክ፣ በኮሪያ፣ በዐረብኛና በቬትናም ቋንቋዎች ለጀማሪዎች የተመደቡ ሥራዎችን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው ከፍለው አቀረቡ። ቀላል ከተባሉት አንዱ የፊደል ግድፈት ማረም ነው። ከዚህ ላይ ግን ቆም ብለን እንድናስብ ያስፈልጋል። በአማርኛ ፊደል ማረም ቀላል ነው ወይ? አንዱ «ፀሐይ» ያለውን ሌላው «ጸሃይ» ይለዋል፤ «ሥራ» እና «ስራ» ሲያከራክሩ ይውላሉ። ጀማሪውን በመጀመሪያው ቀን እዚህ ውስጥ ብናስገባው ከሥራው ይልቅ ክርክሩን ተምሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሥራ ቅጽ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ብቻ አይበቃም፤ ከቋንቋው ጠባይ ተነሥቶ መዘጋጀት አለበት።

በዚህ መሠረት ያዘጋጀናቸው ካርዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፦ «የአንድን ቦታ ስም በምታውቁት አጻጻፍ ሁሉ ጻፉ።» ይህ ማንንም አያጣላም። ሌላው አጻጻፍ ሁሉ ወደ ዋናው ገጽ እንዲመራ ይደረጋል፤ ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢፈልግ ያገኘዋል።

ሁለተኛው፦ «ስለ ቀበሌያችሁ አራት ጥያቄ መልሱ። በየትኛው መንገድ ላይ ነው? ምን ይዘራል? ገበያው መቼ ይውላል? የቅርብ ወንዙ ማን ይባላል?» ይህ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው። መጨረስ ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው፦ «ለአንድ ዐረፍተ ነገር የታተመ ምንጭ ፈልጉ።» ክምሩ ይኸኛው ነው፤ ለለመደ ሰው ይቆይ።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ውክፔዲያ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል፤ «እትዬ እገሊት ነግረውኛል» ብሎ መጻፍ አያስኬድም። መዘዞን እንውሰድ። በዚህ አካባቢ የሚገኘው ቡናማ ኦፓል ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በውጭ አገር የከበረ ድንጋይ መጽሔቶች ተጽፎለታል። ከየትኛው ዐለት እንደሚወጣ፣ ሲቆረጥ የመሰንጠቅ ጠባይ እንዳለው ሳይቀር ተዘርዝሯል። ስለ ድንጋዩ የታተመ ምንጭ ሞልቷል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ምንጮቹ ስም ግን ማን ጻፈ? ነገ አንድ የመዘዞ ልጅ በስልኩ የአገሩን ስም ቢፈልግ ድንጋዩን አግኝቶ ሰዉን ሊያጣ ነው።

በመሆኑም በካርዱ ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ ትተናል፤ «ያልተጠየቅሁት፣ ግን የማውቀው» የሚል። እዚያ የሚጻፈው ምንጭ ስለሌለው ዛሬ ውክፔዲያ ላይ አይወጣም። ነገር ግን ከነጋሪው ፈቃድና ከተነገረበት ቀን ጋር ተመዝግቦ በትምህርት ቤት መጽሔት ወይም በጥናት ጽሑፍ ሲታተም እሱ ራሱ ለሌላው ምንጭ የሚሆንበት መንገድ ይከፈታል። ይህ ባዶ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። ቅጽ ብቻ ከሆነ ሁሉም ቀበሌ አንድ ዓይነት መስሎ ይቀራል፤ ስሙ ብቻ ይለወጣል። ቅጽ እንደ ሕፃን መቆሚያ ነው፤ ልጁ መሄድ ከጀመረ በኋላ ካልተተወ መልሶ ያሰንፈዋል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እያንዳንዳችን ወደ ተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ አንድ ካርድ ይዘን እንሂድ። መምህሮቻችንም ካርዶቹን አይተው የጎደለውን ይሙሉልን፣ የበዛውን ይቀንሱልን። አረጋውያኑ ዛሬ አሉ። የምንጩን ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ጠያቂ ግን እስካሁን አልላክንባቸውም።