ጥንብ አንሳውን የጨረሰው የሕመም ማስታገሻ

ዲክሎፍናክ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚታዘዝ የተለመደ ማስታገሻ ነው። ሕንድ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዋጋው ሲረክስ ለሚያነክስ በሬና ለታመመች ላምም ይወጋ ጀመር። የታከመው ከብት ብዙም ሳይቆይ ከሞተ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ያንን ሥጋ የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፤ ዩሪክ አሲድ በደሙ ይጠራቀምና ነጭ ዱቄት መስሎ የሆድ ዕቃውን ይሸፍነዋል። ወፉ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ነጭ ጀርባ ያለው የሕንድ ጥንብ አንሳ ከ1992 እስከ 2007 ድረስ 99.9 በመቶው አለቀ። መጀመሪያ ላይ የተጠረጠረው ተላላፊ በሽታ ነበር። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው ፓኪስታን ውስጥ የሞቱ ወፎች ተመርምረው ውጤቱ በ2004 ሲታተም ነው። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት የሚውለውን ዲክሎፍናክ አገዱ። ሜሎክሲካም የተባለ፣ ከብቱን የሚያሽል ወፉንም የማይጎዳ ምትክ ተገኝቶ ነበርና ሰበብ የሚሆን ችግር አልነበረም።

የሚያስቆጨው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለሰው ተብሎ የሚመረተው መርፌ ለከብት በሚበቃ ትልቅ ጠርሙስ መሸጡን ቀጠለ፤ ገበሬውም ያንኑ እየገዛ ይወጋ ነበር። ለሰው የሚሸጠው ጠርሙስ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የተወሰነው በ2015 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩ ክፍት ነበር፤ ለዚህ መዘግየት በቂ ምክንያት ሊቀርብ አይችልም።

ጉዳቱ በወፎቹ አላበቃም። አብዛኛው ሕዝብ የላም ሥጋ በማይበላበት አገር የሞተ ከብት ከመንደር ወጣ ብሎ ይጣላል። የጥንብ አንሳ መንጋ አንድን በድን አንድ ሰዓት ሳይሞላ አጥንቱን ያስቀረዋል፤ የጨጓራው ኃይለኛ አሲድም አብዛኛውን ጀርም ይገድላል። ወፎቹ ሲጠፉ በድኑ ለባለቤት አልባ ውሾችና ለአይጦች ተረፈ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ፤ ብስባሹ ወደ ወንዝ ገባ። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ ጥንብ አንሳ በብዛት ይኖርባቸው በነበሩ አውራጃዎች የሰው ሞት ከ4 በመቶ በላይ ጨምሯል። ከ2000 እስከ 2005 ድረስ በዚህ ሳቢያ የሞተው ሰው ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ገምተዋል። ማንም የማይወደው ወፍ ይህን ሁሉ ሕይወት ይጠብቅ ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የጥንብ አንሳ ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድቧል። ከብት አርቢ ለጅብና ለአንበሳ ብሎ ሥጋ ሲመርዝ ቀድመው የሚያልቁት ወፎቹ ናቸው። ሕገ ወጥ አዳኞች ደግሞ ሆን ብለው ይመርዟቸዋል፤ ሰማይ ላይ ሲያንዣብቡ የተገደለው ዝሆን የት እንዳለ ለጥበቃዎች ያሳዩባቸዋልና። በ2019 ቦትስዋና ውስጥ በተመረዘ የሦስት ዝሆኖች በድን ብቻ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተዋል።