ተንቀሳቃሹ ቤትና ጐታቹ፤ በኮሎራዶ ተራሮች መንገድ

ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ ቤቱንና ጓዙን ማስከተል የሚወድ መሆኑ ካገራችን ታሪክ የታወቀ ነው። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ሲዘምቱ ድንኳኑ፣ ምንጣፉና የወጥ ቤቱ ዕቃ ሁሉ በአጋሰስ ተጭኖ ይከተላቸው ነበር። ጫኞቹም አስቀድመው የሚመለከቱት የአጋሰሱን ጀርባ ነበር፤ ጀርባው የተላጠ እንደ ሆነ ጓዙ ከመንገድ ይቀራልና። ይህ የጫኞች ጥበብ በናፍጣ ሞተር ዘመንም እንዳልተሻረ ባሜሪካ አገር ኮሎራዶ በምትባለው ግዛት ስንዘዋወር ስላየን፣ ለቤተ ሰብ ኑሮ ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ በሜዳ ጠርዝ ላይ የተሠራች ናት። ከምሥራቅ የሚመጣው ሜዳ እዚያ ያበቃና በስተምዕራብ ሮኪ የሚባሉት ተራሮች እንደ ግንብ ተገትረው ይታያሉ። በአጠገቧ ባለችው በአውሮራ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ እንጀራም ቡናም ሳይቸግረን በዘመዳችን ቤት በእንግድነት ሰነበትን። በዚያም ሳለን ከዘመዳችን የቀድሞ ጎረቤቶች ጋራ ተዋወቅን፤ እነርሱም ጡረታ የወጡ ሽማግሌና ባለቤታቸው ናቸው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በአናጢነት፣ ወይዘሮይቱ በትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ በመያዝ ኖረዋል። ልጆቻቸው በየአገሩ ከተበተኑ በኋላ የቆመውን ቤታቸውን ሸጠው በሚጐተት ቤት ይኖራሉ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ በመካከሉም ልጆቻቸውን እየዞሩ ይጠይቃሉ።

ይህን ዐይነት ቤት አሜሪካኖች «አምስተኛ መንኰራኵር» ብለው ይጠሩታል። ስሙን የሰማ ሰው ቤቱ አምስት ጎማ ያለው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቀድሞ በፈረስ ይጐተት በነበረው ሠረገላ ላይ፣ የፊተኛው የመንኰራኵር ዘንግ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲዞር፣ ከላዩ ተጋድሞ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነበረ። በአራቱ መንኰራኵሮች ላይ የተጨመረ ስለ ሆነ አምስተኛ ተባለ፤ ስሙም በኋላ ለመኪና ማያያዣ ተሰጠ። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ከሚያመላልሱት ታላላቅ መኪናዎች ብዙዎቹ ተሳቢያቸውን በጀርባቸው የሚሸከሙት በዚሁ ዐይነት ማያያዣ ነው። በአውሮፕላን ሥራ ስመ ጥር የነበረው ግሌን ከርቲስ በ1920ዎቹ ዓመታት በመኪና ጀርባ ላይ አንገቱን አሳርፎ የሚጐተት የመንገደኛ ቤት አሠርቶ «ኤሮካር» ብሎት ነበር። ዛሬ ባሜሪካ ከሚሠሩት የሚጐተቱ ቤቶች አብዛኞቹ የሚወጡት ከኢንዲያና ግዛት፣ ከኤልክኸርት ከተማና ካካባቢዋ ነው።

ተራ ተሳቢ ከመኪናው ጅራት ላይ ይታሰራል። ይህኛው ግን አንገቱን አንሥቶ በፒክአፑ የጭነት ሣጥን ውስጥ፣ ከኋለኛው የጎማ ዘንግ በላይ ያርፋል። ስለዚህ ነፋስ ሲመታው እንደ ተራው ተሳቢ በቀላሉ አይወዛወዝም፤ ዳሩ ግን ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በመኪናው ጀርባ ላይ ይወድቃል። የነዚህ ባልና ሚስት ቤት በአንገቱ በኩል መኝታ ቤት፣ ከዚያ ወረድ ብሎ መታጠቢያ፣ ወጥ ቤትና መቀመጫ አለው። ሲቆምም ግድግዳው በሞተር ወደ ውጭ ተገፍቶ ክፍሉ ይሰፋል። ከነዕቃው 6,350 ኪሎ ይመዝናል።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወስደው በ70ኛው አውራ ጎዳና ከነርሱ ጋራ ስንወጣ ቤቱን ይጐትት የነበረው በ2002 የተሠራ፣ ከኋላው በቀኝና በግራ አንዳንድ ጎማ ብቻ ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ነበር። መንገዱ የክሊር ክሪክን ወንዝ እየተከተለ ይጠማዘዛል። በ1859 ወርቅ የተገኘባትን አይዳሆ ስፕሪንግስንና በብር ማዕድን የታወቀችውን ጆርጅታውንን ካለፉ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል፤ ዳገቱም ይበረታል። መኪናው ከታላላቆቹ የጭነት መኪናዎች ኋላ ቀኙን ይዞ እያቃሰተ ወጣ። የሞተሩ ሙቀት ሲጨምር ሽማግሌው የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተው መስኮቱን ከፈቱ። እንዲህ እያልን ከአይዘንሀወር ዋሻ ደረስን። ይህ ዋሻ በ1973 የተከፈተ ሲሆን መንታው በ1979 ተጨምሮለታል፤ ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው በምዕራቡ በር 3,401 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አየር እየጨመቀ የሚያቀብለው ቱርቦ ባይኖር ያን ያህል ጭነት ይዞ መውጣቱ እጅግ ባስቸገረው ነበር።

ሽማግሌው ዋሻው ውስጥ ሲገቡ «እንግዴህ ወጣን!» ብለው ደስ አላቸው። ወይዘሮይቱ ግን አልመለሱም፤ የበሩን እጀታ ጨብጠው ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር። ከዋሻው በር እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ድረስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍለት አለ፤ ብርቱው ስፍራ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል። በመንገዱ ዳር ፍሬን ላጣ መኪና የተዘጋጁ፣ ጠጠር የተነጠፈባቸው ዳገታማ መሸሻዎች አሉ። እኩሌታውን እንደ ወረድን የፍሬን ሸራ ሽታ ገባን፤ ሽማግሌውም ፔዳሉ እየላላባቸው መሄዱን በዝግታ ነገሩን። እግዚአብሔር ጠብቆን ሲልቨርቶርን ደርሰን ስንቆም ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። ወይዘሮይቱ ወርደው ቤታቸውን ዙሪያውን ተመለከቱና «ይህ ቢሄድ ሌላ ቤት የለንም» አሉ። በዚያ ምሽት በማዕድ ላይ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።

የነገሩ ምክንያት በሒሳብ ይገለጻል። ቤቱና መኪናው ባንድነት ወደ 10,000 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን የሚወርዱት ከፍታም 650 ሜትር ያህል ነው። ያን ያህል ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚወልደው ኀይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ቢሰበሰብ ከ180 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሊያፈላ ይችላል። ከዚህ ከፊሉን ነፋስና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው ፍሬኑ ብቻውን ይሸከመዋል። የቤንዚን ሞተር፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የአየር መግቢያው በር ስለሚዘጋ፣ መኪናውን ይይዘዋል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቃጥለው ያለ ብልጭታ፣ በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ እንደዚያ ያለ የአየር በርም አያስፈልገውም። በዚህ ምክንያት የናፍጣ ሞተር በቍልቍለት በራሱ ብዙ አይዝም። በኋላ በተሠሩት ፒክአፖች ላይ የጭሱን መውጫ የሚያጠብ መሣሪያ ተጨመረ፤ መውጫው ሲጠብ ሞተሩ የገዛ ጭሱን ለመግፋት ስለሚታገል መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሽማግሌው መኪና ይህ አልነበረውም።

ከሳምንት በኋላ አዲስ መኪና ለማየት ወደ ሻጭ ሲሄዱ እኛም አብረን ሄድን። ሻጩ ንግግር ዐዋቂ ነበር፤ ያወራውም ሁሉ ስለ መጐተት ነው። የናፍጣ ፒክአፕ ጉልበት መጨመሩ በርግጥ የሚያስደንቅ ነው። በ1989 ዶጅ የከሚንስን ሞተር በፒክአፕ ላይ ሲያወጣ ጉልበቱ 160 ፈረስ፣ የመጠምዘዝ ኀይሉ 542 ኒውተን ሜትር ነበር። በ2019 የዚያው ወገን የሆነው ራም 1,356 ኒውተን ሜትር፣ በ2023 ፎርድ 1,627 ኒውተን ሜትር ደረሱ፤ የፎርዱም ጉልበት 500 ፈረስ ሆነ። ከ35 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ የታየው መኪና ዋጋ ግን ከ80,000 ዶላር በላይ ነበር።

ወይዘሮይቱ የሻጩን ወረቀት ትተው የነጂውን በር ከፈቱና በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የሰውና የዕቃው ክብደት በድምሩ ከዚህ አይለፍ የምትል ናት፤ ለዚያ መኪና የተፈቀደለት 980 ኪሎ ነበር። ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ፤ የቤቱ አንገት 1,270 ኪሎ፣ የማያያዣው ብረት 90፣ እርሳቸውና ባላቸው 150፣ የአናጢነቱ መሣሪያ 60፤ ድምሩ 1,570 ኪሎ። «ይህ መኪና ቤታችንን ሊጐትተው ይችላል፤ ሊሸከመው ግን አይችልም» አሉ። ሻጩ «ብዙ ሰዎች እንዲሁ ይሄዳሉ» ቢላቸው «ብዙ ሰዎች ሌላ ቤት አይገዙልኝም» ብለው መለሱለት።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው የሚስተው በዚህ ስፍራ ነው። ሻጭ የሚያውጀው የመጐተትን ልክ ነው፤ የመሸከም ልክ ግን በበሩ መቃን ላይ ተሸሽጎ ይኖራል። ከነዚህ ፒክአፖች ቀለል ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የመኪናውና የጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከ4,536 ኪሎ እንዳያልፍ ተወስኖ ይሠራሉ። ስለዚህ ሞተሩ በከበደና ምቾቱ በበዛ ቍጥር ለጭነት የሚተርፈው ያንሳል። ከኋላቸው በየጐናቸው ሁለት ሁለት ጎማ ያላቸው፣ ባሌስትራቸውም የጠነከረው ከባዶቹ ግን ከ2,000 ኪሎ በላይ ሊሸከሙ ይችላሉ።

አዲስ መኪናም የራሱ ጣጣ አለበት። ያሜሪካ ሕግ የናፍጣ ጭስ እንዲጠራ ስላዘዘ፣ ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ፣ ከ2010 ወዲህም በአብዛኞቹ ላይ 32.5 ከመቶ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ በጭሱ ላይ የሚረጭ መሣሪያ ገብቷል። ለሚተነፍሱት ሕፃናት ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማጣሪያው ሲበላሽ የጥገናው ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። አሮጌውን ሽማግሌው በገዛ እጃቸው በመፍቻ ያድሱት ነበር፤ አዲሱ ኮምፒዩተር የያዘ መካኒክ ይፈልጋል።

ባልና ሚስቱ ሁለት ምሽት ከተከራከሩ በኋላ እንዲህ ተስማሙ። በመጀመሪያ ቤቱን ከነዕቃው ለጭነት መኪናዎች በተዘጋጀ ሚዛን አስመዘኑት። ከዚያም ሳይነካ ለዓመታት የኖረውን ዕቃ፣ ከ200 ኪሎ የሚበልጠውን፣ ለልጃቸው ሰጡ። የገዙትም በ2018 የተሠራ፣ ከኋላው አራት ጎማ ያለው፣ የጭስ ፍሬን የተገጠመለት መኪና ነው፤ ዋጋውም ከአዲሱ እኩሌታ ብዙ አልራቀም። ሽማግሌው አሮጌውን ሲያስረክቡ ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሄዱ፤ ወይዘሮይቱም ይህን አይተው ምንም አልተናገሩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ቍልቍለት ዳግመኛ ስንወርድ ሞተሩ እያጓራ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቤቱን ያዘው፤ ሽማግሌው ፍሬን የነኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ወይዘሮይቱ የበሩን እጀታ አልጨበጡም፤ ብርቱካን እየላጡ ያቀብሉን ነበር።

እንግዴህ ባሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሆኑ ሌሎች እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስቡ ሁሉ አስቀድመው ቤቱን ከነጓዙ ያስመዝኑ፤ የሚዛኑ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። ቀጥሎም የበሩን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የአንገቱን ክብደትና የሰዎቹን ክብደት ደምረው ያመሳክሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬኑ ይጠይቁ፤ የፈረስ ጉልበቱ ወሬ በመጨረሻ ቢመጣ ይደርሳል። መንገድ ላይ ሲወጡም ማርሽ የሚቀነሰው ከቍልቍለቱ አፍ ላይ፣ መኪናው ገና በዝግታ ሳለ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።